ጋዜጠኝነት፣ ንግግርና ብሮድካስቲንግ ለመማር የትኛው ዲግሪ ይሻላል? ለባሕር ዳርና አካባቢዋ ተማሪዎችና ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ጋዜጠኛ፣ የሬዲዮ አዘጋጅ ወይም የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ መሆን የሚመኙ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ግራ ይጋባሉ። ሙያው አንድ ይመስላል፤ ወደ ሙያው የሚያስገቡት የትምህርት መስኮች ግን ብዙ ናቸው። የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል አለ፤ የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አለ፤ ቴአትር አለ፤ ከማሠራጫው መሣሪያ ጋር መዋል ለሚወድ ደግሞ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና አለ። ከእነዚህ ሌላ የግል ኮሌጆች በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ይመዘግባሉ፤ የጥቂት ወራት ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም በየመንገዱ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ያለበትን ሰው ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ጋዜጠኝነት በአገራችን እንደ ሕክምና ተፈትነው የሙያ ፈቃድ የሚወስዱበት ሥራ አይደለም። ስለዚህ የትኛው ዲግሪ ወደ ሥራው እንደሚያስገባ የሚወስነው ቀጣሪው በማስታወቂያው ላይ የሚያሰፍረው ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት ነው። እኔም ማንኛውም ተማሪ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ጥቂት የሥራ ማስታወቂያዎችን በጥሞና እንዲያነብ አጥብቄ እመክራለሁ።

የመገናኛ ብዙኃን ተቋማትም ሆኑ የወረዳና የዞን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉት ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ በሠንጠረዥ የቀረበ ነው፤ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ የሚፈለገው የትምህርት ዓይነትና ደረጃ፣ የሥራ ልምዱ፣ የሠራተኛው ብዛት በየረድፉ ይሰፍራሉ። በትምህርት ዓይነት ረድፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱ መስኮች ጎን ለጎን መጠራታቸውን ልብ ይሏል። «በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ምን እንደሚካተት የሚወስነው የተቋሙ የሰው ሀብት ክፍል በመሆኑ፣ በዚህ ሐረግ ተማምኖ የአራት ዓመት ትምህርት መጀመር ዕድልን በሌላ ሰው እጅ ማስቀመጥ ነው። የካሜራ፣ የድምፅ ወይም የማሠራጫ ቴክኒክ መደብ ላይ ደግሞ የሚጠየቀው ዝግጅት ፈጽሞ ሌላ ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝናቸው በአምስት ጉዳዮች ነው። የመጀመሪያው መግቢያው ምን ይጠይቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ቤተሰቡንስ ምን ያህል ያስወጣዋል የሚለው ነው። ሦስተኛው ተማሪው በትምህርት ቆይታው ማይክ፣ ካሜራና የኤዲቲንግ ኮምፒዩተር ምን ያህል በእጁ ይነካል የሚለው ሲሆን፣ አራተኛው የትኞቹን የሥራ መደቦች ይከፍታል የሚለው ነው። አምስተኛው ወላጆች አዘውትረው የሚጠይቁት፣ ተማሪዎች ግን የሚዘሉት ነው፤ በመገናኛ ብዙኃን ሥራ ባይገኝ ዲግሪው ሌላ ምን ያበላል? ክፍት መደብ በየዓመቱ በብዛት በማይወጣበት መስክ ይህን ጥያቄ ማንሳት ተስፋ መቁረጥ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሁሉንም የሚመለከቱ ግዴታዎች

የትኛውም መስክ ቢመረጥ አስቀድመው የሚታለፉ ደረጃዎች አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ይህን ያለፉት ከ100 ተፈታኝ ከ4 ያነሱ ነበሩ። ከመቁረጫው ዝቅ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር በሚያወጣው መስፈርት መሠረት በማካካሻ ወይም በተለምዶ ሪሜዲያል በሚባለው ትምህርት አልፈው የገቡባቸው ዓመታት አሉ፤ የዓመቱን መስፈርት ከራሱ ከሚኒስቴሩ መግለጫ ማየት ይገባል።

የማኅበራዊ ሳይንስና የሰብአዊ ጥናት ዲግሪዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ከፍ ብለዋል። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ዓመት ነው፤ ተማሪው እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና የመሳሰሉትን ከሌሎች ጋር አብሮ ይማራል። ብዙ ቤተሰብ የማያስተውለው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው መጀመሪያ የሚመደበው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲሆን፣ ጋዜጠኝነት ክፍል መግባት አለመግባቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ በምርጫውና በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። በፍሬሽማን ዓመት ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ችላ ያለ ተማሪ፣ ማይክ ፊት ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የሚፈልገው ክፍል ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

በመጨረሻም የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለማግኘት በመስኩ የሚሰጠውን ብሔራዊ የመውጫ ፈተና በ50 በመቶ ማለፍ አለበት። በዚያ ዓመት ፈተናውን ያለፉት ከ100 ተፈታኝ 41 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች መካከል ያለፉት ደግሞ ከ100 ወደ 17 ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ከታች ስለ ግል ኮሌጆች በምናገረው ላይ ትልቅ ክብደት አለው።

ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

ለባሕር ዳር ልጅ ቅርቡ በፔዳ ግቢ የሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በመስኩ ያስተምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የረጅም ጊዜ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ያለው ሲሆን፣ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ግን የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ በሚኒስቴሩ ምደባ ብቻ የሚገባበት አይደለም።

የትምህርቱ ይዘት በተቀራራቢ መልኩ የዜናና የፊቸር አጻጻፍ፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ዝግጅት፣ የፎቶ ጋዜጠኝነት፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳብና የምርምር ዘዴ ነው። ሕጉና ሥነ ምግባሩ በሌላ ክፍል በዚህ ጥልቀት አይገኝም። ስም ማጥፋት ምን እንደሆነ፣ የዜና ምንጭን ምስጢር መጠበቅ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ምን እንደሚደነግግ ሳያውቅ ወደ ሥራ የሚገባ ዘጋቢ ራሱንም ተቋሙንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ባሕር ዳር በዚህ መስክ ያላት ብልጫ ከክፍል ውጭ ያለው ነው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ ኤፍ ኤሙና በኩር ጋዜጣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት ተቋም በታክሲ ርቀት ላይ መገኘቱ ለልምምድ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ተማሪው ለልምምድ ሌላ ከተማ ቤት መከራየት አያስፈልገውም፤ የመንገድ ደኅንነት በሚያሳስብበት ጊዜም ወላጅ በቅርብ ሊያየው ይችላል። ኮርፖሬሽኑ ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በአፋን ኦሮሞም ስለሚያሠራጭ፣ ከእንጅባራ ወይም ከዋግ የመጣ ተማሪ አፉን የፈታበትን ቋንቋ እንደ ተጨማሪ ሙያ ሊቆጥረው ይገባል። አማርኛ ብቻ ከሚችለው ይልቅ የሚወዳደረው ከጥቂት ሰዎች ጋር ነውና።

የዚህ መስክ ትልቁ ክፍተት፣ በእኔ እምነት፣ ቋንቋ ነው። በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአብዛኛው ተመራቂ ሥራ ግን በአማርኛ ነው። የዜና መግቢያ እንዴት እንደሚጻፍ በእንግሊዝኛ አብራርቶ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተመራቂ፣ የዜና ክፍል ሲገባ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ «የክረምቱን መግባት ተከትሎ ሊከሰት የሚችለውን የጎርፍ አደጋ ለመከላከል የሚያስችል የቅድመ ዝግጅት ሥራ እየተሠራ መሆኑን የከተማ አስተዳደሩ ገለጸ።» በሬዲዮ ይህን የሰማ ሰው ምን እንደተሠራ፣ የት እንደተሠራ አያውቅም። ልምድ ያለው አርታኢ ዘጋቢውን መልሶ ይጠይቀውና ዜናው «ጎርፍ በሚያሰጋቸው ሦስት ቀበሌዎች የውኃ መውረጃ ቦዮች እየተጠረጉ ነው» ተብሎ ይወጣል። ይህን መለየት የሚቻለው በአማርኛ ደጋግሞ በመጻፍና በመታረም ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል የሚመርጥ ተማሪ በአማርኛ የሚታረም ሥራ በሴሚስተሩ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ከነባር ተማሪዎች መጠየቅ ይኖርበታል።

ሌላው የሚጠየቀው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ስቱዲዮ አለ መባሉ ብቻውን አይበቃም። አንድ ካሜራ ለስንት ተማሪ ይደርሳል? እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ አቀናብሮ የጨረሰው ፕሮግራም ይኖረዋል ወይስ በቡድን ስሙ ብቻ ይጻፋል? የቡድን ሥራ ላይ አንዱ ካሜራ ይዞ ሌሎቹ ቆመው የሚያዩበት ክፍል ወረቀቱን እንጂ ሙያውን አይሰጥም።

ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ

የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለጋዜጠኝነት እንደ ሁለተኛ ምርጫ፣ አንዳንዴም «ሌላ ሲጠፋ» እንደሚገባበት ክፍል ይታያል። ይህ አመለካከት ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በበርካታ የዜና ክፍሎች ጽሑፍ የሚያርሙት፣ የሚያቃኑትና ለወጣት ዘጋቢዎች የሚያስተምሩት አርታኢዎች የቋንቋ ተመራቂዎች ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ሥሩ ጠለቅ ያለ ነው፤ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ኮሌጅ፣ ፖሊ ከሚባለው የፖሊቴክኒክ ተቋም ጋር ተዋህዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረ ተቋም ነውና።

ተማሪው በዚህ ክፍል ሰዋስው፣ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር (የሕዝብ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና ባህል ጥናት) ይማራል። ፎክሎር የተማረ ዘጋቢ ደብረ ታቦር ወይም ዘጌ ሄዶ ከአንድ አዛውንት ጋር ሲቀመጥ ምን እንደሚጠይቅና ምን ዓይነት መልስ እንደሚቀዳ ያውቃል። የዶክመንተሪና የባህል ፕሮግራም አዘጋጅ መሆን ለሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መሠረት ማግኘት ይከብዳል። ከሁሉም በላይ አምስተኛውን መመዘኛ ይህ ዲግሪ በሚገባ ያሟላል። የመገናኛ ብዙኃን ሥራ ባይገኝ ተመራቂው የመምህርነት ሙያ ሥልጠና ጨምሮ ሊያስተምር፣ በአርትዖት፣ በትርጉምና በሕዝብ ግንኙነት መደቦችም ሊወዳደር ይችላል።

የሚጎድለው ደግሞ ግልጽ ነው፤ የሚዲያ ሕግ፣ ካሜራ፣ ድምፅ ቀረጻና የዘገባ ልምምድ በመደበኛው ትምህርት ውስጥ እምብዛም የሉም። ተማሪው ይህን በራሱ ካልሞላው በሥራ ፈተና ላይ ከጋዜጠኝነት ተመራቂው ያንሳል። የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍም ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች የኮሙኒኬሽን መደብ፣ ለትርጉምና ለእንግሊዝኛ ዜና የተሻለ በር መክፈቱ ነው።

ንግግር የሚማሩት የት ነው?

«ንግግር» የሚባል ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ መፈለግ ብዙዎችን ያደክማል። ይህ አደረጃጀት በዋናነት የሚታወቀው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር የንግግር መምህራን በ1914 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ከእንግሊዝኛ ክፍል ተለይተዋል፤ ዛሬም በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የንግግርና የኮሙኒኬሽን ጥናት ክፍል፣ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤትና የብሮድካስቲንግ መርሐ ግብር ለየብቻ ይገኛሉ። በእኛ አገር ንግግር በአንድ ወይም በሁለት ኮርስ መልክ በኮሙኒኬሽንና በቋንቋ ክፍሎች ውስጥ ይሰጣል፤ ድምፅን፣ ትንፋሽንና አካልን በተከታታይ የሚያሠለጥነው ግን የቴአትር ትምህርት ነው። በዚህ በኩል አንጋፋው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል ነው። የሬዲዮ ድራማ፣ የትረካ፣ የማስታወቂያ ድምፅና የመድረክ አጋፋሪነት ሥራ የሚያስብ ተማሪ ይህን መስክ በቁም ነገር ሊያየው ይገባል፤ ዘጋቢ መሆን ለሚፈልግ ግን አልመክረውም።

ድምፅ ለምን እንዲህ ክብደት እንደተሰጠው ለመረዳት የድምፅ ፈተና ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። ለተፈታኙ አይቶት የማያውቅ የዜና ወረቀት ይሰጠዋል። በውስጡ እንደ 12 ሚሊዮን 450 ሺህ ያለ ቁጥር፣ የውጭ አገር ሰው ስም፣ እስትንፋስ የሚያስጨርስ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይኖራል። አጻጻፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ዓይኑን ቀደም አድርጎ ልኮ፣ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሐይቅ ዋና ነው ወይስ ስለ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሚለውን ሳያቆም መለየት አለበት። እዚህ ላይ የሚሰናከሉት ዲግሪ የሌላቸው ብቻ አይደሉም።

በነገራችን ላይ በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማትና አድባራት ንባብ ቤት የገቡ ልጆች ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ የሚባሉትን የግእዝ የንባብ ስልቶች እየለዩ ንባብን በቃል ተምረዋል። ይህ ትምህርት በሥራ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ በማይክ ፊት ግን ይታወቃል። እንዲህ ዓይነት መሠረት ያለው ልጅ ያንን እንደ ኋላ ቀር ነገር ሊደብቀው አይገባም።

ከማሠራጫው በስተጀርባ፤ ምሕንድስና

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ለሆነና ከማይክ ይልቅ ሚክሰሩ፣ ከዜናው ይልቅ ማሠራጫው ለሚስበው ሰው በፖሊ ግቢ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የሚሰጠው ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ዋናው መንገድ ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ትምህርቱም ከባድ ነው። በአንጻሩ ሥራው በመገናኛ ብዙኃን አይወሰንም፤ ቴሌኮም፣ መብራት ኃይልና ፋብሪካ ሁሉ ይህን ባለሙያ ይፈልጋሉ።

የግል ኮሌጅ፣ የማታና የርቀት ትምህርት

ይህ አማራጭ ለሥራ ሰው ብቸኛው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠቅልሎ ማጣጣል አግባብ አይደለም። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ገንዘቡን የሚከፍለው ቤተሰቡ በመሆኑ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት መስኩና ለየአሰጣጡ ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ለመደበኛ የጋዜጠኝነት ትምህርት እውቅና ስላለው ባሕር ዳር ላይ በማታ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ስለሆነም ተመዝጋቢው የእውቅና ደብዳቤውን ራሱን፣ ቀኑንና የተጻፈበትን ካምፓስ አንብቦ፣ ከባለሥልጣኑ ጋር ማመሳከር አለበት። «ሒደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከተሰጠው ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ቢያቆይ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ መስክ ካስፈተኗቸው ተማሪዎች ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፉ የሚል ነው። ለዚህ በቁጥር የማይመልስ ተቋም ጥያቄውን መልሶታል ብዬ እወስዳለሁ። ሦስተኛው ክፍያው ነው፤ በክሬዲት አወር የሚከፈለው ተደምሮ ከመመዝገቢያ፣ ከቱቶሪያልና ከምረቃ ወጪ ጋር በጽሑፍ ይጠየቅ። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የወር ክፍያ ብቻ ነው።

አጭር ሥልጠና

የካሜራ፣ የቪዲዮ ኤዲቲንግና የግራፊክስ ሥልጠና ዲግሪ አይተካም፤ ለዲግሪ ተማሪ ግን ጥሩ ድጋፍ ነው። ብቻውን ሲሆን የሠርግ ቀረጻ፣ የማስታወቂያና የዩቲዩብ ሥራ ያስገኛል። በቴክኒክና ሙያ ማዕቀፍ የሚሰጥ ከሆነ በብቃት ምዘና ማዕከል የሚያስመዝን መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ሌላ ዲግሪ ተምሮ ማስተርስ በጋዜጠኝነት

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው መንገድ ይህ ነው። ተማሪው ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ግብርና፣ ጤና ወይም ሥነ ሕይወት ተምሮ፣ የብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናን አልፎ በሁለት ዓመት ገደማ በሚዲያና ኮሙኒኬሽን ማስተርሱን ይይዛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመስኩ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል።

የዚህን ጥቅም ለማየት ከጣና ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም። እንቦጭ በሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ ስለ አረሙ ስንት ዘገባ ተሠርቷል! አንድ ኃላፊ «አብዛኛው አረም ተወግዷል» ቢል ተራው ዘጋቢ ይህንኑ ጽፎ ይመለሳል። ሥነ ሕይወት የተማረው ዘጋቢ ግን የተለካው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ በሄክታር ከስንቱ ስንት እንደሆነ፣ የተነሳው አረም የት እንደተደፋ፣ ዘሩ በሐይቁ ደለል ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለመቻሉም ይጠይቃል። አድማጩ የሐይቁን እውነተኛ ሁኔታ የሚያውቀው ከዚህ ሰው ነው። የፍርድ ቤት ዘገባ በሕግ ምሩቅ፣ የዋጋ ንረት ዘገባም በኢኮኖሚክስ ምሩቅ ሲሠራ ልዩነቱ እንዲሁ ይታያል። ጉድለቱ የጊዜው ርዝመት ነው፤ ድምሩ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናል። በመጀመሪያው ዲግሪ ብቻ ለዘጋቢነት የሚወዳደርም «ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» በሚለው ሐረግ ሊወድቅ ይችላል።

ውጭ አገር መማር

ነጻ የትምህርት ዕድል ለሚፈልጉ ያህል፣ በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት የሚጠይቅና አራት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ የክሬዲቱ ትልቁ ክፍል ከጋዜጠኝነት ውጭ ያሉ አጠቃላይ ትምህርቶች ናቸው። የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ውጤትም ይጠየቃል። ያለ ሙሉ ነጻ ዕድል ለአብዛኛው የባሕር ዳር ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም፤ ለማስተርስ መሞከር ይሻላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ጊዜ | ወጪ | የተግባር ልምምድ | የሥራ በር | ሌላ መውጫ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን (መንግሥት) | 4 ዓመት | በወጪ መጋራት | መካከለኛ፤ እንደ ክፍሉ መሣሪያ | ዘጋቢ፣ አዘጋጅ፣ የሕዝብ ግንኙነት | ጠባብ |
| አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ | 4 ዓመት | በወጪ መጋራት | ዝቅተኛ፤ በራስ የሚሞላ | አርታኢ፣ አዘጋጅ፣ ተርጓሚ | ሰፊ፤ መምህርነት |
| ቴአትር | 4 ዓመት | በወጪ መጋራት፤ ከቤት መራቅ | በድምፅና በመድረክ ከፍተኛ | ድራማ፣ ትረካ፣ ማስታወቂያ | መካከለኛ |
| ኤሌክትሪካል ምሕንድስና | 5 ዓመት | በወጪ መጋራት | በቴክኒክ ከፍተኛ | የስቱዲዮና የማሠራጫ ቴክኒክ | በጣም ሰፊ |
| የግል ኮሌጅ (ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ) | 4 ዓመትና በላይ | ሙሉ ክፍያ | ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ | እውቅናና የመውጫ ፈተና ከተሟላ እንደ መጀመሪያው | ጠባብ |
| አጭር ሥልጠና | ወራት | አነስተኛ | በአንድ ሙያ ከፍተኛ | የግል ሥራ | ውስን |
| ሌላ ዲግሪና ማስተርስ | 6 ዓመትና በላይ | መካከለኛ | በማስተርሱ ይወሰናል | ልዩ ዘጋቢ፣ ከፍተኛ አዘጋጅ | በጣም ሰፊ |

በሠንጠረዡ «በወጪ መጋራት» የተባለው ተማሪው ውል ፈርሞ ተምሮ፣ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። ቤቱ ባሕር ዳር የሆነ ተማሪ ነን ካፌ ሆኖ ከቤተሰቡ ጋር ቢመገብና ቢያድር ውሉ ላይ የሚሰፍረው ዕዳ ምን ያህል እንደሚቀንስ ሬጅስትራር ቀርቦ መጠየቅ ይጠቅመዋል።

ለማን የትኛው?

ቤተሰቡ አቅም የሌለውና ልጁ ከተመረቀ በኋላ ፈጥኖ ሥራ መያዝ ያለበት ከሆነ፣ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍን መርጦ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የካሜራና የኤዲቲንግ አጭር ሥልጠና ቢጨምር የተሻለ ነው። ዜና መሥራት ብቻ የሚፈልግ፣ ሌላ ሥራ በሐሳቡ የሌለ፣ ውጤቱም ጥሩ የሆነ ተማሪ ያለ ማመንታት ጋዜጠኝነትን ይምረጥ፤ አማርኛውን ግን በራሱ ጊዜ ይሥራበት። በወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በዲፕሎማ እየሠራች ዲግሪ ለማግኘት የምታስብ ሴት፣ መጀመሪያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የማታ ወይም የክረምት ምዝገባ ትጠይቅ፤ እዚያ ካልተገኘ ብቻ እውቅናው የተረጋገጠ የግል ኮሌጅ ትይ። ውጤቷ ከፍ ያለና የምትወደው የትምህርት ዓይነት ያላት ተማሪ ደግሞ ያንኑ ተምራ ጋዜጠኝነቱን በማስተርስ ብትይዘው፣ ጊዜ ቢወስድባትም፣ በዜና ክፍል ውስጥ የሚተካት ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር አለኝ። ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ይግባ፤ በሰልፍ ሰዓት የሚነበበውን ዜና ራሱ ጽፎ ራሱ ያንብብ፤ በስልክ ቀድቶም ያዳምጠው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ፣ የሦስት ደቂቃ የሬዲዮ ዘገባም ይሁን በጋዜጣ የወጣ ጽሑፍ፣ ቀኑን ጽፎ በፍላሽ ያስቀምጥ። ለሥራ ሲወዳደር ከዲግሪው ኮፒ ጋር ይህንንም አያይዞ ያስገባ። የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹን ሲሞላም ጋዜጠኝነትንና ቋንቋን በአንደኛና በሁለተኛ ተራ ያስፍር፤ ሦስተኛው ተራ ላይ በማስተርስ ወደ ሙያው ሊመለስበት የሚችልበትን የሚወደውን መስክ ያድርግ፤ ቅጹንም የፍሬሽማን ውጤቱ ምን ያህል እንደሆነ አይቶ፣ ያለፈው ዓመት መቁረጫ በየክፍሉ ስንት እንደነበረ ከትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ይሙላ።